በቀን አንድ ሚሊ ሜትር

ሰፈሩ «ሚሊ» ይለዋል። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያውቁት ታላቅ ወንድሙና መታወቂያ ወረቀቱ ብቻ ናቸው። መስታወት ቆራጭ ነው፤ ቅጽል ስሙንም ያተረፈው በንዝንዙ ነው። የመስኮት ልክ ይዞ የመጣ ደንበኛ «ትንሽ ብትሰፋ ምን አለበት?» ካለው ሜትሩን ጠቅልሎ ኪሱ ይከትና «መስታወት ይሉኝታ አያውቅም። በአንድ ሚሊ ከበለጠ አይገባም፤ ሂድና እንደገና ለክተህ ና» ይለዋል። ሰውየው እየተራገመ ይሄዳል፣ ለክቶ ይመለሳል። ደግሞም ይገባለታል፤ ያ ነው የሚያናድደው።

ሱቁ ከመንገዱ ሁለት ደረጃ ዝቅ ያለ ረጅም ክፍል ነው። መሀሉ ላይ አሮጌ ምንጣፍ የለበሰ ሰፊ ጠረጴዛ አለ፤ በግድግዳው በኩል በእንጨት መደርደሪያ ላይ መስታወቶች ቆመው ተደግፈዋል፤ መስኮቱ ሥር የደረቀ ስቱኮ የተጣበቀበት ቆርቆሮ ተቀምጧል። ከኋላ አንድ በር፣ ከበሩ ኋላ አንድ አልጋ። ሚሊ የሚኖረው እዚያ ነው። ሚስት አላገባም። ለምን ሲሉት «ልኬ አልተገኘም» ይላል። ቀልዱ ከማርጀቱ የተነሳ አሁን እሱ ራሱ አይስቅበትም።

ታላቅ ወንድሙ ዕድሜውን ሙሉ ከሱ ጋር ሠርቷል። ሚሊ ይቆርጣል፣ ታላቁ ይይዛል። ትልልቁን መስታወት ሁለቱ ግራና ቀኝ ይዘው ሲያወጡት ከታላቁ አፍ የሚወጣው ቃል አንድ ብቻ ነው፦ «ቀስ።» ሚሊ ከማንም ትእዛዝ አይቀበልም፤ ይህችን «ቀስ» ግን ሰምቶ እምቢ ብሎ አያውቅም። «ጋሼ» ነው የሚለው። ምሳም እራትም የሚበላው ጋሼ ቤት ነው፤ የጋሼ ሚስት እትዬ ሳህኑን ሳይጠየቅ ትሞላለታለች፣ «ሰው አግባ» የምትለውንም ሳይጠየቅ ትጨምርለታለች።

በዚህ ሥራ አንድ ሕግ አለ። ለአዲስ ሰው መቁረጫውን አልማዝ ከማስያዝህ በፊት የምትነግረው እሱን ነው፦ የሚወድቅ መስታወት አይያዝም። እጅህን ወደ ላይ ታነሳለህ፣ ወደ ኋላ ትላለህ፤ ይሰበራል፣ ትጠርጋለህ። ሚሊ ይህን ለስንቱ አስተምሯል። ያን ቀን ግን የመድኃኒት ቤት የፊት መስታወት ከጠረጴዛው ሲያነሱ በታላቁ በኩል ያለው ጫፍ ሸርተት አለ። ሚሊ እጁን ሰደደ፤ ያዘው። ለምን እንደያዘው እስከ ዛሬ አያውቀውም። ምናልባት የጋሼ እግር ከሥሩ ስለነበረ ይሆናል። መስታወቱ ለሁለት ተከፈለና ክንዱ ውስጥ፣ ከክርኑ ትንሽ ዝቅ ብሎ ገባ። ሕመሙ ከመሰማቱ በፊት ከአፉ የወጣው፣ በደንበኛው ፊት፣ መንገዱ ሁሉ እስኪሰማ ድረስ፣ «እጅህ ይድረቅ!» የሚል ነበር።

ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። የሚሊ ቃል አፋፍ ላይ አልቀረም፤ ወርዶ ሥራውን የሠራ መሰለ።

ክንዱ ተሰፋ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ተከፈተና ከባቱ የተወሰደ የነርቭ ቁራጭ የተቆረጠው ቦታ ላይ ተቀጠለለት። አውራ ጣቱ፣ ሌባ ጣቱና የመሀል ጣቱ ግን የሌላ ሰው ጣት ሆኑ። የጋለ ማንቆርቆሪያ ይዞ ቆዳው መቃጠሉን ያወቀው ሽታው አፍንጫው ሲደርስ ነው። መስታወት ቆራጭ ጠርዙን በዓይኑ አያይም፤ በአውራ ጣቱ ዳሰስ አድርጎ ነው የሚያውቀው። ሚሊ በግራ እጁ ሞከረ። ግራ እጁ እንደ ሰነፍ ተማሪ ነው፤ ይሰማል እንጂ አይገባውም።

ይህ ሁሉ ሲሆን እትዬ አንድ ነገር አየች። የቆሰለው የሚሊ እጅ ነው፣ የሚከሳው ግን የባሏ እጅ ነው። በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሀል የነበረው ሥጋ ጎድጉዷል። ዝም ብሎ በተቀመጠበት የክንዱ ጡንቻ ከቆዳው ሥር ይርገበገባል። ሚሊም አየው። «እጅህ ይድረቅ» ያለው እጅ እየደረቀ ነበር።

ሁለቱን የሚያክመው አንድ ክፍል ሆነ። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ዓይኗ ሥር ግን እንቅልፍ ያጣ ሰው ጥቁረት አለ። ወንድማማቾቹን ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው፤ እትዬ በር አጠገብ ቦርሳዋን አቅፋ ቆመች።

«ከእርስዎ ልጀምር» አለችው ሚሊን። «የነርቩ ሕዋስ ራሱ ያለው ክንድዎ ላይ አይደለም፤ አከርካሪዎ አጠገብ ነው። ከዚያ ቀጭን ክር እስከ ጣትዎ ይልካል። የተቆረጠው ክሩ ነው፣ ሕዋሱ ደህና ነው። ከተቆረጠበት በታች ያለው ክር ይሞትና ይፈራርሳል። የሚያጸዱ ሕዋሶች መጥተው ፍርስራሹን ይበሉታል። ክሩን ለብሰውት የነበሩት ግን አይሄዱም፤ ባዶውን ቧንቧ ክፍት አድርገው ተሰልፈው ይጠብቃሉ። አዲሱ ክር በዚያ ውስጥ ያድጋል።»

«በምን ፍጥነት?»

«በቀን አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ።»

ታላቁ ሳቁ አመለጠው። «ስሙን ማን ነገረሽ?»

ሚሊ አልሳቀም፤ እያሰበ ነበር። ተራ የመስኮት መስታወት አራት ሚሊ ነው። አንድ መስታወት ለማለፍ አራት ቀን። ከክርን እስከ ጣት ጫፍ ስንት መስታወት ይደረደራል? ደከመው፣ ቁጥሩን ተወው።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አለ ታላቁ ጉልበቱን መታ እያደረገ።

«አንድ ነገር እንዳያስደነግጣችሁ» አለች ሐኪሟ። «ክሮቹ ብዙ ናቸው፣ ቧንቧዎቹም ብዙ ናቸው። አንዳንዱ ቤት ይሳሳታል። የመሀል ጣት የነበረው ክር አውራ ጣት ውስጥ ይገባል። ያኔ አውራ ጣትዎ ሲነካ መሀል ጣትዎ የተነካ ይመስልዎታል። መሳሳቱ ራሱ መድረሱን ይነግረናል።»

ከዚያ ወደ ታላቁ ዞረች፤ ወንበሯንም አብራ አዞረች። ሚሊ ይህን ማዞር አልወደደውም።

«የእርስዎ ሌላ ነው» አለች። የበሽታውን ስም ነገረቻቸው፤ ረጅም ስም ነው፣ ሦስቱም አልያዙትም። «በእርስዎ የሚታመመው ክሩ ሳይሆን ሕዋሱ ነው፤ ለጡንቻ ትእዛዝ የሚሰጠው። በውስጡ በሥርዓት መታጠፍ የነበረባቸው ፕሮቲኖች ተጨማደው ይከማቻሉ፤ ሕዋሱ ቆሻሻውን ማውጣት ያቅተዋል። በዚያ ረጅም ክር እስከ እጅ ድረስ ስንቅ መላክ ይሳነዋል። መጀመሪያ የክሩ ጫፍ ጡንቻውን ይለቃል፤ በኋላ ሕዋሱ ራሱ ይሞታል። የሞተው አይተካም። መድኃኒት አለ፣ ትንሽ ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም፤ መጨረሻ ላይ የመተንፈሻ ጡንቻ ላይ ይደርሳል።»

እትዬ ቦርሳዋን ይበልጥ አቀፈች።

«ዶክተር» አለ ሚሊ፣ «ከባቴ ወስዳችሁ ለክንዴ አድርጋችሁ የለ? አንደኛው ባቴ አልተነካም። እሱን ለጋሼ አድርጉለት።»

«ክር ብቻ ቢሆን የጎደለው አደርገው ነበር» አለች። ፊቷ እውነቷን መሆኑን ይናገር ነበር።

ሚሊ ሊጠይቅ የመጣው ዋናው ይሄ ነበር። «በክፉ ቃል ይጀምራል እንዴ? በድንጋጤ፣ በ… በእርግማን?»

«አይጀምርም። ምልክቱ ከመታየቱ ከብዙ ጊዜ በፊት ነው የሚጀምረው። አንዱ ሕዋስ ሲሞት ጎረቤቱ ቅርንጫፍ አውጥቶ ሥራውን ይደርብለታል። ስለዚህ እጅ ይሠራል፣ ሰውም ልብ አይልም። ብዙዎቹ ካለቁ በኋላ ነው የተረፉት ሥራ በዝቶባቸው የሚደክሙት። ያኔ እጅ ይለቃል።»

ሚሊ ከዚያ ክፍል ሲወጣ ቀለለው፤ በመቅለሉ ደግሞ አፈረ። ወንድሙ እንደሚሞት በተነገረው ቀን እሱ «ያመጣሁበት እኔ አይደለሁም» ብሎ ደስ አለው። እንዲህ ያለ ሰው ነኝ ማለት ነው ብሎ አሰበ፣ አውቶቡሱን ሲጠብቅ። ታላቁን ቀና ብሎ ቢያየው ፊቱ አመድ መስሏል። ያው አንድ ንግግር ነው፤ ለአንዱ ሸክም አወረደለት፣ በሌላው ላይ ጫነበት።

አንድ ሳምንት አለፈ። ከዚያ አንድ ምሽት እራት ተበልቶ እትዬ ሳህን ስታጥብ ታላቁ ሚሊን ጠራው።

«ቀድሞ ነው የጀመረው አለች አይደል?»

«አዎ ጋሼ።»

«አውቅ ነበር።»

«ምኑን?»

«እጄን። ቁልፍ ማዞር አቅቶኝ ነበር። የሸሚዜን ቁልፍ እሷ ነበረች የምትቆልፍልኝ፤ አርጅቼ ነው እያልኩ እቀልድባት ነበር። መስታወቱንም በጣቴ ሳይሆን በክንዴ ደግፌ ነበር የማነሳው። አንተ በዚያ በኩል ስላለህ አላየህም።» ምላሱ መክበድ ጀምሯል፤ ቃላቱ ጠርዛቸው ተሸርፏል። «ብነግርህ ሌላ ሰው ትይዛለህ፣ እኔ ቤት እውላለሁ። ዝም አልኩህ። ክንድህን የቆረጥኩት እኔ ነኝ።»

ሚሊ ተነሳ። ሊናገር አስቦ ነበር፤ ያለፈውን ጊዜ አፉ ያመጣበትን አስታወሰና አፉን ዘጋ። ኮቱን አነሳና ወጣ። ለብዙ ቀን አልተመለሰም። ሱቁ ውስጥ ደረቅ ዳቦ በላ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ስብርባሪ ጠረገ፣ ያልነበረውንም ጠረገ። ተናዶ ነበር፤ ንዴቱ ደግሞ የሚያሳርፍ ዓይነት አልነበረም፤ የሚያደክም ነበር። በሚሞት ሰው መናደድ ዕዳ ነው። አንድ ቃል፣ «ሚሊ፣ እጄ ደከመ» ቢለው ምን ነበረበት? ግን ደግሞ ቢለው ኖሮ ምን ይመልስለት ነበር? «ቤት ዋል» ይለው ነበር። በርግጥ ይለው ነበር። ጋሼ ልክ ነበር፤ ይሄ ነው ከሁሉም ያናደደው።

መጨረሻ ላይ እትዬ ራሷ መጣች። ከደረጃው ላይ ሆና፣ ሳትወርድ፣ «አንተ ሰው፣ ምግብ በሁለት ሳህን ማቅረብ ለምዶብኛል» አለችው። በቃ ሌላ አልጨመረችም፤ እሱም ሱቁን ቆልፎ ተከተላት።

«ጋሼ» አለ ገና ሳይቀመጥ፣ «ያን ቀን ያልኩህ ነገር…»

«ምን አልከኝ?»

«መስታወቱ ሲወድቅ።»

«ያን ሁሉ መስታወት ሲሰበር ምን ይሰማል? አልሰማሁህም» አለ ታላቁ። ውሸቱን ነው። መድኃኒት ቤቱ ድረስ ተሰምቷል። ሚሊም ውሸቱን እንዳለ ተቀበለው።

ከዚያ ታላቁ የሚፈልገውን ተናገረ። ብዙ አልነበረም። «እኔ እንደምሄድ ገብቶኛል። ዘጠኝ ሞት መጣ ቢሉት አንዱን ግባ በሉት አለ አሉ። ግን እጅህ ሳይመለስ ብሄድ ሥራህን ይዤብህ እንደሄድኩ ነው። ክሩ ጣትህ ጫፍ ይድረስልኝ። ሳልሄድ ልየው፣ ሌላ አልፈልግም።»

እንዲህ ተጀመረ። ሐኪሟ ያሳየቻቸው ዘዴ ነበረ፦ ክንዱን ከላይ ወደ ታች በጣት መታ መታ ስታደርገው፣ አዲሱ ክር የደረሰበት ቦታ ላይ እንደ ኤሌክትሪክ ያለ ንዝረት ይሰማል። ታላቁ በየምሽቱ የሚሊን ክንድ ጭኑ ላይ አስተኝቶ ያንኳኳል። ሚሊ «እዚህ!» ሲል መስታወት ላይ ምልክት በሚደረግበት እርሳስ ቆዳው ላይ ትንሽ መስመር ያሰምራል። መስመሮቹ ከክርን ወደ እጁ አንጓ ወረዱ። ሚሊ ሲታጠብ ክንዱን ከውሃ ያርቃል፤ እትዬ «በሽተኛ ሳይሆን የልጅ ቁመት የሚለካበት ግድግዳ ነው የመሰለው» ትላለች።

እንቁላሉም በእግሩ ሄደ፣ ግን የጋሼም ሕመም እግር ነበረው። መስመሩ ወደ አንጓ ሲቃረብ የታላቁ ጣት እርሳስ መያዝ አቃተው፤ ሚሊ በግራ እጁ ያሰምር ጀመር። መስመሩ መዳፉ ውስጥ ሲገባ ታላቁ ከወንበር መነሳት ተወ። እትዬ ታነሳዋለች፣ ታጥበዋለች፣ ፈሳሽ እንኳ ትን ሲለው ጀርባውን ትደግፈዋለች፤ ወገቧን ይዛ ስትቆም ሚሊ ያያታል። እሷም አትናገርም። ቤቱ ውስጥ ሁሉም ደክሞታል፣ ሁሉም ደግሞ ሌላው እንዳያውቅበት ይጥራል።

ከዚህ በኋላ የቀረው ጫፉ ነው። ሚሊ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ታላቁ ከጣቶቹ አንዱን ይነካል፣ «ደረሰ?» ይላል። ቃሉ እየተጎተተ ነው የሚወጣው፣ ግን ይገባል።

«አልደረሰም ጋሼ።»

በነጋታውም ያው ነው። በሳምንቱም። የታላቁ አንገት ወደ ጎን ማዘንበል ጀመረ፤ አንድ ምሽት ትንፋሹ ሲያጥረው ሚሊ አላስቻለውም። ዓይኑን ጨፍኖ ጠበቀ፣ ጠበቀ፣ ምንም አልተሰማውም፤ «ደረሰ!» አለ። «አውራ ጣቴን ነካኸኝ! ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ደርሷል!»

መልስ ሲጠፋ ዓይኑን ገለጠ። የታላቁ እጅ ከጭኑ አልተነሳም። ምንም አልነካም ነበር።

«ሆድ… ሲያውቅ… ዶሮ ማታ» አለ ታላቁ፣ እያንዳንዱን ቃል እየተሸከመ። እትዬ ከማድቤቱ ሳቀች፤ ሚሊም ሳቀ፤ ያም ሳቅ ብዙ አልቆየም። ከሳቁ በኋላ ታላቁ ዓይኑን ከሚሊ ላይ አላነሳም። «አትዋሸኝ» አለ። በግልጽ የተሰማ የመጨረሻው ቃሉ እሱ ነው። ከዚያ ወዲያ ምላሱ አልታዘዘለትም።

አሁን «ደረሰ?» የሚል የለም። ሚሊ ግን በየምሽቱ ይመጣል፣ ወንበሩን ከአልጋው ጋር ያጋጥማል፣ እጁን ብርድ ልብሱ ላይ ይዘረጋል። የታላቁን ጣት የምታነሳው እትዬ ሆናለች። ታላቁ የትኛውን እንደሚፈልግ በዓይኑ ያሳያታል፤ እሷም የባሏን ጣት አንስታ በዚያ የሚሊ ጣት ላይ ታሳርፋለች። ሚሊ አይመለከትም። አንዴ የዋሸ ሰው ስለሆነ እትዬ ከዚያ ቀን ወዲህ ፎጣ ፊቱ ላይ ታስራለች። «የሚታመነው ያልተያዘ ሌባ ብቻ ነው» ትላለች።

ያን ምሽት ውጭ ዝናብ ነበር። ሚሊ ቀኑን ሙሉ በግራ እጁ ትንንሽ የፎቶ ፍሬም መስታወት ሲቆርጥ ውሎ ሦስቱን አበላሽቷል። ፎጣው ሥር እንቅልፍ ሊወስደው ነበር። ታላቁ ከበድ ከበድ እያለ ሲተነፍስ ይሰማዋል። እትዬ አልጋው ላይ ስትደገፍ ሽቦው ሲንቋቋ ሰማ።

ከዚያ የሆነ ነገር መጣ። ጉንዳን የመሰለ፣ ከሩቅ የመጣ፣ ትንሽ የሚነድ ነገር።

«መሀል ጣቴ» አለ። ድምፁ እሱ ለራሱ እንኳ አዲስ ሆነበት። «ጫፉ ላይ። መሀል ጣቴን።»

እትዬ ተነፈሰች፤ ሲጠብቁት የኖሩት ነገር ዳግመኛ ሲቀር የሚወጣ ትንፋሽ ነው። «አይ ሚሊዬ» አለች፣ «አውራ ጣትህን እኮ ነው። ምነው አሁንስ ባትቀጥፍ፣ ለሱም አይበጀው…» ንግግሯን ሳትጨርስ ወደ ባሏ ዞረች። «ምን ሆነህ ነው? ምን ያስቅሃል አንተ?»

ሚሊ ፎጣውን አወረደ። ታላቁ እየሳቀ ነበር። ድምፅ የለውም፤ ከንፈሩም ብዙ አይንቀሳቀስም፤ ዓይኑ ግን ከዳር እስከ ዳር ሳቅ ሞልቶታል፣ ከሁለቱም ጠርዝ እንባ እየወረደ ጆሮው ውስጥ ይገባል። የሚዋሽ ሰው ልኩን ይገምታል። ይሄ ተሳስቷል። ሐኪሟ በነገረቻቸው መንገድ፣ ልክ በዚያው መንገድ ነው የተሳሳተው።

«ቤት ተሳስቶ ነው እንጂ ገብቷል እትዬ» አለ ሚሊ። አልቅሷል፤ አልደበቀውም። «ጋሼ ያውቃል። ደርሷል።»

ታላቁ ሚስቱን ተመለከተ፣ ከዚያ የሚሊን አውራ ጣት ተመለከተ፣ ደግሞ ሚስቱን። እንደገና ማለቱ ነው። ሚሊ ፎጣውን ራሱ መልሶ ዓይኑ ላይ አሰረ። እትዬ ያንን የደረቀ ጣት በሁለት እጇ አንስታ ቅድም የነበረበት ቦታ አሳረፈችው።

«መሀል ጣቴ» አለ ሚሊ።

ደግሞ አንስታ አሳረፈችው።

«መሀል ጣቴ፣ ጋሼ።»